ያገለገለ የቆዳ ስፌት ማሽን ስትገዙ፦ የቱ ለየትኛው ሥራ?

"ጋሼ፣ ጁኪ አገኘሁ። ልግዛው?"

ባለፈው ሳምንት በስልክ የተጠየቅሁት ነው። ጠያቂዋ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ የሴት ቦርሳ መሥራት የጀመረች ወጣት ናት። "ምን ዓይነት ጁኪ?" አልኳት። "ጁኪ ነዋ! ንጹሕ ነው፣ ድምፁም ጥሩ ነው" አለችኝ። ሳላየው ቀብድ እንዳትከፍዪ አልኳት።

እንዲህ ዓይነት ስልክ ብዙ ይደወልልኛል። ከቃሊቲ፣ ከገላን፣ ከሰበታ፣ ከለገጣፎ። የአብዛኛው ሰው ጥያቄ ስለ ስም ነው። ጁኪ ይሻላል ወይስ ፋፍ? ሲንጀር ወይስ አድለር? ግን በአንድ ስም ሥር ብዙ ዓይነት ማሽን አለ። ጁኪ ሸሚዝ የሚሰፋም፣ የመኪና ወንበር የሚሰፋም ማሽን ያመርታል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ስማቸው ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ ከስሙ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው። ከምትሠሩት ዕቃ ላይ በጣም ወፍራሙ ቦታ የቱ ነው? ስንት ሚሊ ሜትር ይሆናል?

መጀመሪያ ወፍራሙን ቦታ ለኩ

ለቦርሳ የሚሆን ቆዳ ብዙውን ጊዜ ከ1.2 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ለብቻው ሲያዩት ቀጭን ይመስላል። ግን ማንገቻው ከቦርሳው አካል ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ አስቡት። ማንገቻው ታጥፎ ሁለት፣ አካሉ አንድ፣ ከውስጥ ማጠናከሪያ አንድ፣ በዚያ ላይ ገበሩ። 6 ሚሊ ሜትር በቀላሉ ይሞላል። የወንድ ቀበቶ ለብቻው 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ነው። የበግ ሌጦ ጃኬት ግን ሌላ ነገር ነው። የኛ ደጋ በግ ሌጦ ቀጭንና ጠንካራ በመሆኑ የውጭ አገር ጓንት ሠሪዎች ሳይቀሩ ይፈልጉታል። ድርብ ሆኖ እንኳ 2 ሚሊ ሜትር የማይሞላበት ጊዜ ብዙ ነው።

እንግዲህ ያንን ወፍራም ቦታ በቁርጥራጭ ቆዳ ሥሩት። በማስቲሽ አጣብቁት። አንዱ ጫፍ ቀጭን፣ ሌላው ጫፍ ወፍራም ይሁን። መሐሉ ላይ እንደ ደረጃ ከፍ ይበል። ማሽን የሚፈተነው እዚያ ደረጃ ላይ ሲወጣ ነው። ይህን ቁራጭ ከራሳችሁ ክር ጋር በቦርሳ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ የራሱን አቡጀዲ አጥፎ ሰፍቶ ቢያሳያችሁ ስለ እናንተ ሥራ ምንም አልነገራችሁም።

የልብስ ማሽን ወይስ እግሩ የሚራመድ?

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም ላድርገው።

ገበያ ላይ በብዛት የምታገኙት ያገለገለ ማሽን የልብስ ቀጥታ ስፌት ነው። ጁኪ ዲዲኤል 8700 እና 5550 የዚህ ዓይነት ናቸው። ጥሩ ማሽኖች ናቸው። መለዋወጫቸው ሞልቷል፣ የማያውቃቸው መካኒክ የለም፣ ዋጋቸውም ከሌላው ይረክሳል። ግን ዕቃውን የሚጎትቱት ከታች ባለው ጥርስ ብቻ ነው። የላይኛው እግር ዝም ብሎ ይጫናል እንጂ አይሄድም። ጨርቅ ላይ ይህ ችግር አያመጣም። ቆዳ ግን ብረት ላይ ይይዛል። የታችኛው ቆዳ ሲሄድ የላይኛው ወደ ኋላ ይቀራል።

ይህን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። ሥራ ስጀምር የገዛሁት የመጀመሪያው ማሽን "ለቆዳ ይሆናል" ተብሎ የተሸጠልኝ የልብስ ማሽን ነበር። የ60 ሳንቲ ሜትር ማንገቻ ሰፍቼ ስጨርስ የላይኛው ቆዳ ከታችኛው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይተርፋል። ቆርጬ አስተካክላለሁ፣ ማንገቻው ግን ጠምዘዝ ብሎ ይቀራል። ከታች በኩል የጥርሱ ጭረት ቆዳው ላይ ይታያል። ወፍራሙ ቦታ ላይ ስደርስ ስፌቱ ይጠብና አንድ ቦታ ላይ ይደራረባል። ያኔ ጥፋቱ የእጄ መስሎኝ ነበር። ለስድስት ወር ያህል እጄን ለማረም ለፋሁ።

እግሩ የሚራመደው ማሽን ይህን ችግር ከሥሩ ይፈታዋል። ሻጮች "ዎኪንግ ፉት" ይሉታል። ከላይ ሁለት እግር አለው። አንደኛው ሲጫን ሌላው ይነሳል፣ እየተፈራረቁ ይራመዳሉ። መርፌውም ቆዳው ውስጥ እንዳለ ከውስጠኛው እግርና ከታችኛው ጥርስ ጋር አብሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሦስቱ አንድ ላይ ስለሚጎትቱ የላይኛውና የታችኛው ቆዳ እኩል ይደርሳሉ። ጁኪ ኤልዩ 563፣ ጁኪ ዲኤንዩ 1541፣ ፋፍ 545 እና 1245፣ አድለር 67 ከዚህ ወገን ናቸው። 1541 የስፌት እርምጃው፣ ማለትም ከአንዱ ቀዳዳ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት፣ እስከ 9 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ከቁጥሩ ቀጥሎ "ኤስ" የሚል ፊደል ካለው ደግሞ ክር ሲጠላለፍ የታችኛውን ማዞሪያ፣ የመርፌውን ክር ከታች የሚይዘውን ሹል ጫፍ ያለው ብረት፣ ከጉዳት የሚጠብቅ መከላከያ አለው። ሁለቱ እኩል ዋጋ ከተጠየቀባቸው "ኤስ" ያለውን ውሰዱ።

የክሩም ልዩነት ቀላል አይደለም። ቦርሳ ላይ የሚያምረው ወፍራም ናይለን ክር ነው። የክር ቁጥር ሲያንስ ክሩ ይወፍራል። 40 ቁጥር ክር ከ110 መርፌ ጋር ይሄዳል። የመርፌው ማሸጊያ ላይ 18 ተብሎም ታገኙታላችሁ። 20 ቁጥር ክር ደግሞ 140 መርፌ ይፈልጋል፣ እሱም 22 የሚባለው ነው። የልብስ ማሽን 40 ቁጥር ላይ ሲደርስ አቅሙ ያልቃል። እግሩ የሚራመደው ግን 20 ቁጥርን ያለ ችግር ይሰፋል።

እንግዲያስ የልብስ ማሽን ለቆዳ ፈጽሞ አይሆንም? ይሆናል። የበግ ሌጦ ጃኬት፣ ገበር፣ የቦርሳ ውስጥ ኪስና ዚፕ የምትሰፉ ከሆነ ደህና አድርጎ ይሠራል። የብረት እግሩን አውጥታችሁ የቴፍሎን እግር ግጠሙለት፣ የቆዳ መርፌ አድርጉለት፣ እርምጃውን ረዘም አድርጉ። እንዲያውም ለስስ ሌጦ እሱን እመርጣለሁ። እግሩ የሚራመደው ማሽን ክብደቱ ስስ ሌጦ ላይ ምልክት ሊተው ይችላል። ቦርሳና ቀበቶ ለሚሠራ፣ አንድ ማሽን ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው ግን መልሴ አንድ ነው። ገንዘብ ካነሰው ሁለት ሦስት ወር ይታገሥና እግሩ የሚራመደውን ይግዛ።

ከመግዛታችሁ በፊት የመርፌውን ዓይነት ጠይቁ። ጁኪ 1541 እና 563 የሚወስዱት 135×17 የሚባለውን ነው። የዚሁ የቆዳ ጫፍ ያለው 135×16 ይባላል። 17ቱ ጫፉ ክብ ነው፣ ለሸራና ለጨርቅ ይሆናል። 16ቱ ጫፉ ስለት ስላለው ቆዳውን እየቆረጠ ይገባል። ፋፍ 545 እና 1245 ደግሞ 134-35 ነው የሚፈልጉት። መርፌው መርካቶ ውስጥ በቀላሉ የማይገኝ ማሽን ርካሽም ቢሆን ውሎ አድሮ ሥራ ያስፈታል። እኔ ማሽን ከማየቴ በፊት መርፌውን የሚሸጥ ሱቅ ሄጄ እጠይቃለሁ።

አሮጌው ሲንጀር 29

ጫማ ጠጋኞች ጋ የምታዩት፣ ረጅም ቀጭን ክንድ ያለው፣ በእጅ የሚዞረው ጥቁር ማሽን ነው። 29 ኬ የሚባለው ስኮትላንድ ውስጥ ክላይድባንክ በነበረው የሲንጀር ፋብሪካ የተሠራ ነው። ፋብሪካው የተዘጋው በ1980 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ እውነተኛ 29 ኬ ከ40 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ማለት ነው።

ይህ ማሽን እግሩ ዙሪያውን ይዞራል። ዕቃውን ሳታዞሩ ወደፈለጋችሁት አቅጣጫ ትሰፋላችሁ። ጥርስ ከታች የለውም፣ የሚጎትተው በላይኛው እግር ነው። ጫማ ውስጥ፣ የቦርሳ ጥግ ውስጥ ይገባል። መብራት ቢጠፋም ይሠራል፣ ይህ በኛ ሰፈር ትልቅ ነገር ነው። ለጥገና የሚወዳደረው የለም።

ለምርት ግን አይሆንም። ቀስ ያለ ነው። የብዙዎቹ ቦቢን ትንሽ ስለሆነ ክር ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ረጅም ቀጥታ መስመር ሲሰፋም መስመሩን አይጠብቅም። ያረጀውን የምታውቁት በእርምጃው ነው። ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁት ስፌቱ አሁንም አጭር ከሆነ ውስጡ ተበልቷል። ሌላው ምልክት ደግሞ እግሩን በአራት አቅጣጫ እያዞራችሁ ስትሰፉ እርምጃው በአንዱ አቅጣጫ ረዝሞ በሌላው ማጠሩ ነው። የዚህ ማሽን አዲስ የቻይና ቅጂ ርካሽ ነው። ብረቱ ሻካራ ስለሆነ ክር የሚነካባቸውን ቦታዎች በጥሩ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱለት።

ምሰሶ፣ ክንድ እና ከባዱ

ጫማ የምትሠሩ ከሆነ ጠፍጣፋ ገበታ ያለው ማሽን ያስቸግራችኋል። የጫማ ፊት ክብ ቅርጽ ከያዘ በኋላ ጠረጴዛ ላይ አይተኛም። ለዚህ የሚሆነው ባለ ምሰሶው፣ ፖስት ቤድ የሚሉት ነው። መርፌው የሚወርደው እንደ ትንሽ ዓምድ በቆመ ነገር ላይ ነው። ፋፍ 491 የታወቀው ነው። አብዛኛውን ጊዜ እግሩ ትንሽ ጎማ የሚመስል ክብ ብረት ስለሆነ ጠባብ ኩርባ ላይ ስፌቱ ቆንጆ ይሄዳል። ባለ ሁለት መርፌ ካገኛችሁ በመርፌዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። ርቀቱን ለመቀየር የመርፌ መያዣውን፣ ሳህኑንና ጥርሱን አብሮ መቀየር ይጠይቃል።

ባለ ክንዱ ደግሞ ፋፍ 335፣ አድለር 69 እና ጁኪ ኤልኤስ 1341 ናቸው። ክንዱ ቀጭን ስለሆነ የቦርሳ ጎንና ወገብ ዙሪያውን ይሰፋበታል። ለቦርሳ ሁለተኛ ማሽን ሲገዛ እሱን ነው የምመክረው። መጀመሪያ ግን አይደለም።

8 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ለሚሰፉ፣ ለፈረስ ዕቃና ለወፍራም ቀበቶ፣ ጁኪ ቲኤስሲ 441 እና አድለር 205 አሉ። ለቦርሳ እነሱን መግዛት ሳር ለመጫን አይሱዙ መከራየት ነው።

ዲናሞውን እንደ ሌላ ዕቃ ቁጠሩት

ሰው ማሽኑን አይቶ ዲናሞውን ይረሳል። ያገለገለ ማሽን ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ባለ ሦስት ፌዝ 380 ቮልት ዲናሞ ይዞ ነው። ኮንዶሚኒየም ቤት ወይም ተራ ግቢ ውስጥ ያለው ቆጣሪ ባለ አንድ ፌዝ 220 ነው። ዲናሞው ላይ የተለጠፈችውን ሳህን አንብቡ። 110 ቮልት የሚልም ያጋጥማል።

ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው ባለ ፍሪሲዮን ዲናሞ ነው። አብርታችሁት እስክታጠፉት ድረስ ይዞራል፣ ባትሰፉም ይጮኻል፣ መብራት ይበላል። ባለ 2800 ዙር ከሆነ ለቆዳ በጣም ይፈጥናል። ጥቅሙ ጠንካራነቱ ነው። ቢቃጠል ዲናሞ የሚጠቀልል ባለሙያ ያነሳዋል። ሁለተኛው ሰርቮ ነው፣ 550 ወይም 750 ዋት የሚባሉት። ፔዳሉን ካልረገጣችሁ አይዞርም። ድምፅ የለውም። ፍጥነቱን በቁልፍ ትወስናላችሁ። ለጀማሪ እጅ የሚመች እሱ ነው። ግን ውስጡ ኤሌክትሮኒክ ካርድ አለ። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ቮልት ሲዘል፣ ካርዱ ይቃጠላል።

በከተማው ዳር ለምንሠራ ሰዎች ይህ ተራ ነገር አይደለም። እኔ ሰርቮን እመርጣለሁ፣ ከስታብላይዘር ጋር ከሆነ ብቻ። መብራት ሲጠፋም ወዲያው ሶኬቱን እነቅላለሁ። ስታብላይዘር የመግዛት አቅም ከሌላችሁና ቮልቱ የሚዋዥቅበት ሰፈር ከሆናችሁ ባለ 1400 ዙር ፍሪሲዮን ይዛችሁ ፑሌጃውን፣ ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ክብ ብረት፣ ቀይሩ። ሒሳቡ ቀላል ነው። የዲናሞውን ዙር በዲናሞው ፑሌጃ ስፋት አባዙ፣ ለማሽኑ መዘውር ፑሌጃ ስፋት አካፍሉ። 1400 ዙር፣ 50 ሚሊ ሜትር ፑሌጃ፣ ማሽኑ ላይ 100 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በደቂቃ 700 ስፌት ይወጣል። በሰከንድ ወደ 12 ማለት ነው። ለቦርሳ እሱም በቂ ነው፣ ለጀማሪ እንዲያውም ይበዛል።

ሻጩ ጋ ስትደርሱ

ዲናሞውን አታስነሱት። መጀመሪያ መዘውሩን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ ሙሉ ዙር አዙሩ። አንድ ቦታ ላይ የሚከብድ ከሆነ ምክንያቱን ጠይቁ። መርፌ የሚይዘውን ዘንግ በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት። ከተወዛወዘ ተበልቷል።

ቀጥሎ ክሩን አውጡና በወረቀት ላይ ስፉ። ቀዳዳዎቹ ርቀታቸው እኩል ነው? መስመሩ ቀጥ ብሏል? ወደ ኋላ ስትመልሱት ቀዳዳዎቹ የቀድሞዎቹ ላይ ያርፋሉ? ወረቀት አይዋሽም። ክር የሚሸፍነውን ጥፋት ያጋልጣል።

ከዚያ ከታች ያለውን ማዞሪያ ተመልከቱ። ሹል ጫፉን በስልካችሁ ካሜራ አጉልታችሁ እዩት። ከተሰበረ ወይም ከደነዘ ስፌት ይዘላል። መርፌው ከመጨረሻው ዝቅታ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲነሳ ጫፉ በመርፌው ጀርባ፣ ከቀዳዳው ትንሽ ከፍ ብሎ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ማስተካከል ይቻላል፣ ከዋጋው ግን አስቀንሱ። ማዞሪያው ራሱ ከተበላ ከባድ ወጪ ነው። እግሩ በሚራመደው ላይ ሁለቱ እግሮች ሲነሱ ከፍታቸውን አስተያዩ። የአንዱ ዝቅ ያለ ከሆነ ወፍራሙ ደረጃ ላይ ሲወጣ ይደናቀፋል።

በመጨረሻ ያመጣችሁትን ቁራጭ ስጡት። ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ፣ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ። ቀለም አትዩ። አዲስ ቀለም የተቀባ ማሽን እኔን ይበልጥ ያሰጋኛል። ብሎኖቹን እዩ። አናታቸው በካቻቢቴ የተላላጠ ከሆነ ብዙ እጅ ነካክቶታል።

የት እንደምትገዙም ለውጥ አለው። መርካቶ ምርጫው ሰፊ ነው፣ ማወዳደር ይቻላል፣ ደላላው ግን ዋጋውን ያንረዋል። ፋብሪካ በሐራጅ ሲሸጥ ርካሽ ይሆናል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ በጅምላ ነው፣ አስነስቶ መሞከርም ላይፈቀድ ይችላል። እኔ በጣም የምወደው ሥራ ካቆመ ባለሙያ ቤት መግዛት ነው። ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ታገኙታላችሁ። ባለቤቱም ሕመሙን ይነግራችኋል። ብዙ ጊዜ ትርፍ መርፌና እግርም ይመርቃል። የትም ቢሆን ደረሰኝ ወይም የሽያጭ ውል ላይ የማሽኑ ቁጥር ይጻፍ።

ቤት ስታስገቡት

ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው ለይታችሁ ጫኑት። እግሩ የሚራመደው ዓይነት ከ30 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ሁለት ሰው ይያዘው። ከሥሩ የዘይት ገንዳ ካለው ዘይቱን ቀድማችሁ አፍስሱ። ዲዲኤል 8700 ይህ ገንዳ አለው። ቤት ደርሶ ገንዳው ሳይሞላ የሚያስነሳው ሰው በአንድ ቀን ያቃጥለዋል። የስፌት ማሽን ዘይት ብቻ አድርጉ። የሞተር ዘይት ይወፍራል፣ ቆዳውንም ያበላሻል።

ወለሉ ቀጥ ያለ ይሁን። ከእግሮቹ ሥር ወፍራም ጎማ አድርጉ፣ ጎረቤትም ያርፋል፣ ብሎንም አይላላም። ቺንጋውን መሐሉ ላይ በጣት ስትጫኑት ትንሽ እንዲሰጥ አድርጉ፣ አታክርሩት። መዘውሩ ወደ እናንተ መዞር አለበት። በሦስት ፌዝ ላይ ተገላቢጦሽ ከዞረ ኤሌክትሪሺያኑ ሁለቱን ፌዞች ያቀያይርላችሁ። የመሬት ሽቦው ይገናኝ። የኛ መንገድ አቧራማ ስለሆነ ማታ ማታ ሸፍኑት።

የኮዬ ፈጬዋ ልጅ ያገኘችው ጁኪ 8700 ነበር። ቅዳሜ ሄደን አየነው። ንጹሕ ነው፣ ድምፁም እንዳለችው ጥሩ ነው። የማንገቻዋን ቁራጭ ስንሰጠው ደረጃው ላይ ቆመ። ሻጩ ጨዋ ሰው ነበር፣ እሱም አየና "ለዚህስ አይሆንሽም እህቴ" አላት። ገላን ውስጥ ሥራ ያቆመ አንድ ባለሙያ ቤት 563 እንዳለ ሰምተናል። ባለ ሦስት ፌዝ ዲናሞ አለው አሉ። ረቡዕ ቁራጯን፣ ክሯንና ሁለት ወረቀት ይዘን እንሄዳለን።